ሰሌ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ

ሰሌ የኔ ጌታ እንዴት ነህ? አውቃለሁ ጠፍቻለሁ፣ ስድቡን ስንገናኝ ታወርደዋለህ፣ አሁን ጉዳይ አለኝ (ድሮስ ያለ ጉዳይ መች ትጽፋለህ እንዳትለኝ)።

ሳም በርማን የሚባል ካሪካቸሪስት፣ የሰው መልክ እያጋነነ የሚስል፣ ታውቃለህ? አታውቀውም፣ እዚህ አሜሪካኖቹም ረስተውታል። ዋሽንግተን ያለው ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ስራዎቹን ይዟል፣ እኔ ደግሞ ሰሞኑን ስለሱ ብቻ ነው የማወራው፣ ሚስቴ ስሙን ስጠራ ከክፍሉ መውጣት ጀምራለች። በፈረንጆቹ 1933 የተጀመረው ኤስኳየር መጽሔት ኤስኪ የሚባል ምልክት ነበረው፣ ዓይኑ ፍጥጥ ያለ፣ ነጭ ፂሙ ወፈር ያለ፣ ሴት አይቶ የማያልፍ ሽማግሌ። ንድፉ የሲምስ ካምቤል ነው፣ ጥቁሩ ካርቱኒስት፣ አሻንጉሊት አርጎ የቀረጸው ግን በርማን። ቁርጥ የኛን ዩኒት ሊደር! በ1937 ደሞ ናቲንግ ሴክረድ ለሚባል ፊልም መግቢያ ተዋናዮቹን ካሮል ሎምባርድንና ፍሬድሪክ ማርችን በቅርጽ ሰርቷቸዋል።

እኔን የያዘኝ ግን የ1947ቱ ነው። ኤንቢሲ፣ የአሜሪካኖቹ ጣቢያ፣ የሬዲዮ ኮከቦቹን እነ ቦብ ሆፕን እነ ፍሬድ አለንን አሳለው። ቲቪ ገና የሁሉም ቤት አልገባም፣ ብዙው ሰው ሰዎቹን በየሳምንቱ በጆሮው ነው የሚያገኛቸው፣ እና ይሄ ሰውዬ ለድምፅ ፊት መስራት ነበረበት ማለት ነው። አስበው እስቲ። ፎቶ ቢሆን ቀላል ነበር፣ ካሪካቸር ግን ሰው ሲሰማ በሆዱ የሳለውን መልክ ነው መምታት ያለበት። አንተም እኮ አንድ አስተማሪ ሲስል ሰምተህ ሳሉን ነበር የምትስለው ወንድሜ።

እና ጉዳዩ፣ የእማዬ ቤት ሊፈርስ ነው፣ ለመንገዱ። የስዕል ደብተሮችህ እዛው እኛ ቤት ነው የቀሩት፣ ጓዳ ያለው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ ከላይ የአባዬ ካፖርት አለ፣ ከሱ ስር። እህቴ ወረቀት ካየች ለቆራሌው ነው የምትሰጠው፣ ታውቃታለህ። እባክህ ቶሎ ሂድና አውጣቸው፣ እማዬ ምሳ ሳታበላህ አትለቅህም፣ ለዛም ጊዜ ያዝ።

ደግሞ… ለምን መሳል እንዳቆምክ ጠይቄህ አላውቅም። ባንክ ስለገባህ ብቻ ነው? ተወው በቃ፣ ከፈለክ ትነግረኛለህ።

ስታገኛቸው በቴሌግራም ፎቶ እያነሳህ ላክልኝ። እኔን ጆሮ ብቻ አርገህ የሳልክበትን ገጽ ዝለለው፣ ልጆቼ ያዩታል።