ፊልተር ከመግጠም በፊት የጫጫታው ምንጭ ይፈለግ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በትንንሽ አውሮፕላኖች ሬዲዮ ላይ ፉጨት ሲሰማ ብዙ ባለቤቶች ቶሎ የሚሮጡት ፊልተር (የኤሌክትሪክ ጫጫታን የሚያጣራ ዕቃ) ገዝቶ ወደ ማስገጠም ነው። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለናል። ፉጨቱ አንዳንዴ የተቃጠለ ዳዮድ (በአልተርኔተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) ወይም የላላ ግራውንድ (የኤሌክትሪክ መመለሻ መንገድ) የሚሰጠው ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ፊልተሩ ድምፁን ያፍነዋል እንጂ ብልሽቱን አይጠግነውም።

ጆሮ ብዙ ይናገራል። ከሞተሩ ዙር ጋር እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት በአብዛኛው የአልተርኔተር፣ ማለትም በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል ነው፤ ዙሩ ሲጨምር የሚፈጥን ቀጭ ቀጭታ ደግሞ የማግኔቶ፣ ማለትም ለካንዴላዎቹ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል ነው። ለማረጋገጥ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ የአልተርኔተሩን ማብሪያ ብቻ ማጥፋት ይበቃል፤ ፉጨቱ አብሮ ከጠፋ ምንጩ ታወቀ። አልተርኔተሩ እየሠራ የባትሪውን ማብሪያ ማጥፋት ግን አደገኛ ነው፤ ቮልቴጁ ድንገት ዘሎ ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል።

ቀጥሎ የመግቢያው መንገድ ይፈለጋል። የሬዲዮው ድምፅ እስከ መጨረሻው ተቀንሶም ጫጫታው ካለ፣ የሚገባው በማዳመጫው የድምፅ ሽቦዎች በኩል ነው። ሞተሩን አጥፍቶ አንቴናውን ከነቀሉ በኋላ እንደገና ሲያስነሱት ጫጫታው ከጠፋ በአየር የሚመጣ ነው። አንቴናው ተነቅሎ ሳለ የማስተላለፊያው ቁልፍ ፈጽሞ አይጫን።

ዳዮዶቹን ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ መብራቶቹን አብርቶ፣ ከፕሮፔለሩ ርቆ፣ ካቢን ውስጥ ካለው የኃይል ማከፋፈያ ላይ በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ተለዋዋጭ (AC) ቮልቴጅ መለካት ነው። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ መልካም፤ ወደ 0.5 ከተጠጋ አልተርኔተሩ ይፈታ። ከ6ቱ ዳዮዶች አንዱ ቢሞትም የኤሌክትሪክ ጭነቱ ቀላል እስከሆነ ድረስ የኃይል መሙያው ጌጅ ደህና መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ በጌጁ ብቻ መተማመን ያሳስታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግራውንድ ነው። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ የኤሌክትሪኩ መመለሻ ከሞተሩ ወደ አውሮፕላኑ አካል የሚሄደው የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ነው። ጫፉ ሲዝግ ኤሌክትሪኩ በነዳጅ መስጫው ኬብልና ሽቦዎችን ከጫጫታ በሚከላከለው የብረት መረብ ሽፋን በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ጫጫታውም አብሮ ይገባል። የኤሌክትሪክ ጭነት እያለ በሞተሩ አካልና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ከተለካ፣ ቡሎኑ ተፈቶ ብረቱ እስኪያበራ ይጠረግና እንደገና ይጥበቅ። የማዳመጫው መሰኪያ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር እንዳይነካካ የሚለየው ቀጭን የፕላስቲክ ሮንዴላም ይታይ፤ ከተሰነጠቀ ይለወጥ። የድምፅ ሽቦው መረብ ሽፋን ግራውንድ የሚደረገው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው።

ምንጩ ማግኔቶ ከሆነ የካንዴላ ኬብሎቹ ዳዶዎችና ከማግኔቶው ወደ ማብሪያው የሚሄደው ሽቦ መረብ ሽፋን ይፈተሹ። ይህ ሽቦ ከተነቀለ ማግኔቶው ማብሪያው ጠፍቶም ይሠራል፤ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ሞተሩን ሊያስነሳ ስለሚችል ማንም እንዳይነካው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ጥቂት ፉጨት ከቀረ ፊልተር ይገጠም፤ ሽቦው አጭር ሆኖ ከአልተርኔተሩ አጠገብ፣ ግራውንዱም በራሱ በአልተርኔተሩ አካል ላይ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያዎች