ታጋቹ ተለቀቀ ተባለ፣ አጋቹስ?

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች፣

ሰሞኑን ጋዜጣችሁ ላይ ስለ እገታ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻው ያው እንደተለመደው «ተጨማሪ ኃይል ይሰማራ» ሆኖ አለቀ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ፖሊስ ነኝ፣ የሥራ ዘመኔን ወረዳ ላይ ነው የጨረስኩት፣ ጎጃምም ጎንደርም ሠርቻለሁ፣ እና ይሄ ኃይል ይጨመር የሚባለው ነገር ሁሌ ስለሚያናድደኝ እስቲ ትንሽ ልበልበት ብዬ ነው። ኃይል አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። መጥቶ ምን ይሠራል ነው የኔ ጥያቄ።

የጎሐ ጽዮንን መንገድ እንውሰድ። ወደ ጎጃም የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ፍቼን አልፈህ ገርበ ጉራቻ፣ ቱሉ ሚልኪ፣ ጎሐ ጽዮን፣ ከዛ ዓባይ በረሃ ቁልቁል። ሰኔ 2016 ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በአውቶቡስ እንዳሉ የታገቱት እዛ አካባቢ ነው። የኦሮሚያ ክልል ከ167 ታጋቾች 160ው ተለቀዋል ብሎ መግለጫ ሰጠ፣ ቤተሰብ ደግሞ ኧረ የኛ ልጅ አልመጣም፣ ገና ገንዘብ እየተጠየቅን ነው አለ። ከዛ በፊት ኅዳር 2012 ላይ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ጉዳይም እንደዚሁ ነበር፣ ተለቀዋል ተባለ፣ ወላጅ አላየንም አለ፣ ከዛ በቃ ነገሩ እየደበዘዘ ሄደ። እሺ የታገተው ተለቋል እንበል። ያገተውስ? ስሙ ማን ነው፣ የት ተያዘ፣ የትኛው ችሎት ቀረበ? እኔ በበኩሌ ጋዜጣም ሬዲዮም የምከታተል ሰው ነኝ፣ አልሰማሁም።

ችግሩ እገታ እኛ ሀገር እንደ ወንጀል ሳይሆን እንደ ፖለቲካ ዜና ነው የሚታየው። ሰው በታገተ ማግስት መንግሥት ሸኔ ነው ወይ ፋኖ ነው ይላል፣ እነሱ ወደ መንግሥት ይወረውሩታል፣ ፌስቡክ ላይ ሰው በየብሔሩ ይሰለፍና ይሰዳደባል፣ ነገሩ ከመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ይነሳና ወደ መከላከያ ይሄዳል። መከላከያ ደግሞ ሥራው ውጊያ ነው፣ ጫካውን ይደበድባል፣ መንገዱን ለጥቂት ቀን ይከፍታል፣ ይመለሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

እገታን ክላሽ የያዘው ሰው ብቻውን አይሠራውም። ክላሽ የያዘው እንደውም ከሁሉም ርካሹ ሠራተኛ ነው። ጠቋሚ አለ፣ መናኸሪያ አካባቢ የሚውል፣ ማን ምን ሸጠ ማን በየትኛው መኪና ወጣ የሚለውን የሚያቀብል። ስንቅ የሚያደርስ አለ። በስልክ የሚደራደር አለ። መሀል ገብቶ «እኔ ላስማማችሁ» ብሎ ከሁለቱም ወገን የሚበላ ሽማግሌ መሳይ ደላላ አለ፣ ይሄኛው በጣም ነው የሚያበሳጨኝ፣ ለቅሶ ቤት ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሊሆን ይችላል። እና ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ጫካ አይደሉም፣ ከተማ ውስጥ ከኛ ጋር ቡና የሚጠጡ ናቸው። ለነሱ ታንክ ምን ያደርጋል?

አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ፣ ቦታውንና ሰዎቹን ግን አልጠቅስም። ስልኩ የተደወለው ከራሱ ከታጋቹ ስልክ ነው፣ ማታ። መጀመሪያ ልጁን አስቀርበው እያለቀሰ ያስወሩታል፣ ከዛ ሌላ ሰው ይቀበለዋል፣ አይጮህም፣ አይሳደብም፣ የቢሮ ሰው ነው የሚመስለው። አንድ ሚሊዮን አለ። እናትየው ከየት አመጣለሁ ልጄ ብላ ስትለምነው «ወንድምሽ ሰሊጡን ሸጦ ገባ አይደል እንዴ?» አላት። እዚህ ጋ ነው የመርማሪ ጆሮ መቆም ያለበት! ሽያጩ ገና የሰፈር ሰው እንኳን በቅጡ ያልሰማው ነበር። ይሄንን ማን ነገረው ብሎ የሚጀምር ምርመራ ጫካ ሳይገባ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። የሆነው ግን ምንድነው፣ ቤተሰቡ ጣቢያ መጣ፣ ተረኛው መዝገብ ላይ ጻፈ፣ የጥሪውን ዝርዝር ለማግኘት ደብዳቤ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሲሄድ ሲመጣ፣ ኔትወርክ ተቋርጧል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ማህተም የሚመታው ሰው የለም ሲባል አጋቾቹ የሰጡት ቀን አለቀ። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ ከዕድር ተበድሮ፣ ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ ልኮለት ከፈለ። ልጁ ሲመጣ «ከዚህ በኋላ ምንም መናገር አንፈልግም፣ ተዉን» አሉ። መዝገቡ ተዘጋ። ልፍረድባቸው? አልፈርድም። ምስክርነት ሰጥቶ ማታ ቤቱ የሚያድር ሰው ማን ይጠብቀዋል?

ፖሊስም ቢሆን አይዞህ የሚለው የለም። የወረዳ ፖሊስ ማለት አንድ አሮጌ ፓትሮል፣ እሱም ነዳጅ ሲገኝ፣ ደሞዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃ ልጅ ነው። መጋቢት 2015 ማብቂያ ላይ የክልል ልዩ ኃይል ይፍረስ ሲባል፣ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ እሱን ቦታ የሚሸፍን ነገር ሳይዘጋጅ ነው የሆነው። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገባ፣ ብዙ ገጠር ቀበሌ ላይ ፖሊስም ሚሊሻም የለም፣ ያለው ከተማ ላይ ተሰብስቧል። ዩኒፎርም ለብሶ ገጠር ለምርመራ መውጣት ማለት በራስ ላይ መፍረድ ሆኗል። ይሄንን ክፍተት ነው ሌባው ያገኘው፣ አንዳንዱ ትግል ላይ ነኝ ይላል፣ አንዳንዱ ስም እንኳን አልፈለገም።

ወሰኑም ሌላ ጣጣ ነው። ዓባይ ድልድዩ ላይ ወዲህ ደጀን አማራ ነው፣ ወዲያ ጎሐ ጽዮን ኦሮሚያ ነው። የዚህኛው ፖሊስ ድልድዩን አልፎ ተጠርጣሪ አይከተልም፣ ያኛውም እንደዛው፣ ፌዴራሉ እስኪመጣ ደግሞ ሰውየው ሌላ ወረዳ ገብቷል። ምዕራብ ጎንደር ሂዱ፣ ከገንዳ ውሃ መተማ ዮሐንስ ያለው መንገድ፣ እዛ ደግሞ ወሰኑ ሱዳን ነው። ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ሱዳናውያን ስደተኞች ሚያዝያ 2016 ላይ ዘረፋና እገታ ሲበዛባቸው ከአውላላ ካምፕ ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ እኮ። በሰሊጥ ወቅት የቀን ሠራተኛውም ባለሀብቱም እየፈራ ነው እርሻ የሚገባው።

መሣሪያስ? አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ሕግ አለን፣ ማን መያዝ እንደሚችል፣ እንዴት እንደሚመዘገብ ተጽፏል። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ገበሬው መንግሥት ካልጠበቀኝ ክላሼን ለምን አስረክባለሁ ይላል፣ እውነቱን ነው።

የምለው ይሄ ነው፣ ኃይል ከመጨመር በፊት ገንዘቡን ተከተሉ። ቤዛው ሁሌ በፌስታል ተጠቅልሎ በረሃ አይሄድም፣ አካውንት ቁጥር የሚልኩም አሉ፣ ባንክ ደግሞ ደንበኛውን በፎቶም በመታወቂያም ያውቀዋል፣ ሲም ካርድም የሚወጣው በስም ነው። አካውንቱ የተከራየ ቢሆንም ያከራየው ሰው አለ፣ ያ ሰው ይጠየቅ። የወረዳ መርማሪ ዞንና ክልል ሳይዞር ፍርድ ቤት አስፈቅዶ በሰዓታት ውስጥ የጥሪና የሂሳብ መረጃ የሚያገኝበት አሠራር ይኑር። ክልል አቋርጦ የሚሄድ የእገታ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን በፌዴራል አንድ ቡድን ይያዝ። ቤተሰብ ሲያመለክት ስሙ አይውጣ፣ ከፈልክ ተብሎም አይንገላታ፣ ከፍሎም ቢሆን ይናገር፣ መረጃው ያለው እሱ ጋ ነው። አጋቹ ማንም ይሁን ማን፣ በፓርቲ ስም ሳይሆን በራሱ በአባቱና በአያቱ ስም ይከሰስ።

እናንተም አንድ ነገር ብታደርጉልን። በ2016 ማብቂያ ጎንደር ላይ ሕፃን ልጅ ታግታ ስትገደል ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ነበር፣ እናንተም ዘግባችኋል፣ ከዛ ዜናው ሌላ ዜና መጣበትና ቀረ። ጋዜጠኛ መድባችሁ በየፍትሕ ቢሮውና በየፖሊስ ኮሚሽኑ እየዞረ በእገታ ስንት መዝገብ ተከፈተ፣ ስንቱ ክስ ሆነ፣ ስንት ሰው ተፈረደበት ብሎ ይጠይቅልን። መልስ ካልሰጡም «አልሰጡም» ብላችሁ ከነመሥሪያ ቤቱ ስም አትሙት።

ስሜ እንዳይወጣ አደራ፣ ልጆቼ በዛ መንገድ ነው የሚመላለሱት።

ጡረተኛው ፖሊስ፣ ከባሕር ዳር