ከድልድዩ ማዶ ብስክሌተኛው በየት ይለፍ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ ብስክሌት ለነዋሪዋ የመዝናኛ ዕቃ ሳይሆን ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመላለስበት መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት መተላለፊያ ይዞ መሠራቱም የሚያስመሰግን ነው። ቅሬታዬ ከድልድዩ ከወረድን በኋላ ስላለው መንገድ ነው።

በቅርቡ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስሄድ፣ ጠርዙን ይዘው ተሳፋሪ የሚጠብቁትን ባጃጆች ለማለፍ ወደ አስፋልቱ መሀል መግባት ግድ ሆነብኝ። ከፊቴ በብስክሌቱ ጤፍ የጫነ ጎልማሳ፣ ከኋላው የደረሰ ሚኒባስ ጥሩንባ ሲነፋበት ደንግጦ ከነከረጢቱ ወደቀ። እርሱ ተርፏል፤ ጤፉን ግን ከአስፋልት ላይ ለቅሞ የሚጨርስ የለም።

ባጃጅ ይታገድ ማለቴ አይደለም፤ ሚኒባስ በማይገባበት ሰፈር እናቶቻችንን የሚያደርሰው እርሱ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ የሚጠይቅ እንደመሆኑ፣ ከተማችን ለባጃጅ ከመንገዱ ገባ ያለ ማቆሚያ ብታዘጋጅና የብስክሌቱን መስመር በቀለም ብቻ ሳይሆን በድንጋይ ጠርዝ ብትለየው፣ ሥራውንም ከድልድዩ እስከ ገበያው ባለው መንገድ ብትጀምር እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ብስክሌተኛ