ያ ጫካ አልሞተም

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐዋሳ ዝናቡ አቁሟል፤ ሐይቁ ዳር ማታ ማታ ይነፍሳል።

ከጀርመኗ ኤርፈርት የላክሽልኝን ቅጠሉ የረገፈ ጫካ ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «እማዬ፣ ጫካው እኮ ሞተ» ብለሻል። ስንት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረች እናትሽ ይህን አንብባ እንዴት ዝም ትበል!

አያትሽ አጥር ላይ ያለውን ኮርች አስታውሺ። በደረቁ ወራት ቅጠሉን ያራግፍና ባዶውን ቆሞ ቀይ አበባ ያወጣል። የኛው የሚሸሸው ድርቁን ነው፣ የእናንተው ብርዱን። ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ ዛፉ መሰናዳት ይጀምራል። መጀመሪያ አረንጓዴውን ቀለም ያፈርሳል። ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ከቅጠሉ አውጥቶ ወደ ቅርንጫፉ ይመልሳል። ከዚያ የቅጠሉን አንገት ዘግቶ ይጥለዋል። ያየሽው ቢጫ ቀድሞም እዚያው ነበር፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው። ቀዩን ግን ዛፉ የሚሠራው በዚሁ ሰሞን ነው።

የወደቀውን ቅጠል ደግሞ በእጅሽ ገለጥ አድርጊው። እኔ የግቢያችንን አቮካዶ ቅጠል አላቃጥልም፤ ከሥሩ እከምረዋለሁ። ላዩ ደረቅ ነው። ከሥሩ እርጥብ ነው፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፣ ነጫጭ የፈንገስ ክሮች ቅጠል ከቅጠል ሰፍተውታል፣ ትል ይርመሰመሳል። እዚያም ሥራው ያው ነው፤ ብርዱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ከሁሉ በላይ እንድታዪልኝ የምፈልገው ግን የወደቀ ግንድ ነው። ሃይኒኽ ብሔራዊ ፓርክ ካንቺ ብዙም አይርቅም። ቢች የሚባለው ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ጫካ ነው፤ ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ የወደቀ ዛፍ ባለበት ይተዋል። ደግ አድርገዋል! በአውሮፓ ጫካዎች ካሉት ፍጥረታት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በሞተ እንጨት ላይ የተመኩ እንደሆኑ ይገመታል። ጥንዚዛው እጩን እዚያ ያሳድጋል፣ እንጉዳዩ እዚያ ይበቅላል። ቆሞ ያለውን ደግሞ ጥቁሩ ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ ጎጆ ይሠራበታል። እሱ ሲለቅ ርግብ ትገባለች፣ ጉጉት ትገባለች፣ የሌሊት ወፍም ይገባል። እኛ አገር አንድ ዛፍ ሲደርቅ ቶሎ ለማገዶ እንቆርጠዋለን። ችግር ነው የሚያስቆርጠን፣ አውቃለሁ። ግን ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ደግሞ ተመልሰሽ ሂጂ። ቢቹ ቅጠል ሳያወጣ ፀሐይ መሬት ድረስ ትገባለች። አኔሞን የምትባለው ነጭ አበባ ያለቻት የጥቂት ሳምንታት ብርሃን ናት። በዚያች ጊዜ ቅጠል አውጥታ፣ አብባ፣ ስንቋን ከመሬት በታች ታስቀምጣለች። ላዩ በቅጠል ሲዘጋ እሷ ጨርሳለች። ከዚያ ትንሽ ቆይተው ወፎቹ ይመለሳሉ። ጥቁር ቆብ ያጠለቀች የምትመስል ግራጫ ወፍ አለች፤ ከአውሮፓ ዘመዶቿ ከፊሎቹ ብርዱን የሚያሳልፉት እዚሁ እኛ ደጋ ላይ ነው።

ያኔ ስትሄጂ ሱሪሽን ካልሲሽ ውስጥ ክተቺው። እዚያ አገር ያለው መዥገር «ላይም» የሚባል በሽታ ያስይዛል። ስትመለሺ ከጉልበትሽ ጀርባና ብብትሽ ሥር ፈትሺ። ካገኘሽ በወረንጦ ከቆዳሽ ተጠግተሽ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። በሳምንታት ውስጥ ቦታው እየሰፋ ከቀላ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እሺ?

አባትሽ ሰላም ብሎሻል።

እናትሽ፣ ከሐዋሳ