ቡርቦንን በዕድሜው ብቻ አትመዝኑት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ሰላም ብያለሁ። ስለ ውስኪ በተወራ ቁጥር አንድ ነገር ያበሳጨኛል። ገና ጠርሙሱ ብቅ ሲል "የስንት ዓመት ነው?" ይባላል። 12 ከሆነ ጥሩ፣ 18 ከሆነ የበለጠ፣ 23 ከሆነማ ምርጥ ነው ተብሎ ወሬው ይዘጋል። ለስኮትላንድ ውስኪ ይህ በመጠኑም ቢሆን ያስኬዳል። ለአሜሪካው ቡርቦን ግን አያስኬድም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ውድ ዋጋ ከፍሎ የእንጨት ምሬት እንዲጠጣ ያደርገዋል። አንባቢዎቻችሁ ይህን እንዲያውቁት ስለምፈልግ ነው የምጽፍላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከበርሜሉ ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ መጠጥ ቡርቦን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፤ የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በከሰለ፣ ኦክ ከሚባል ዛፍ እንጨት በተሠራ አዲስ በርሜል ነው። አዲስ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ስኮትላንዶች በብዛት የሚጠቀሙት ቡርቦን የነበረበትን አሮጌ በርሜል ነው። ያ እንጨት ኃይለኛውን ጣዕም አስቀድሞ ለቡርቦኑ ሰጥቶ ጨርሷል፤ ስለዚህ ውስኪው 18 ዓመት ቢቀመጥበትም ቀስ እያለ ይበስላል እንጂ እንጨቱ አይጫነውም። አዲስ በርሜል ግን ያለውን ሁሉ በጥቂት ዓመታት ነው የሚያወጣው።

የሚያወጣውም ብዙ ነው። ተጣርቶ የሚወጣው አልኮል እንደ ውሃ የጠራ ነው። ያ የምናውቀው ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ከእንጨቱ የመጣ ነው፤ ስትሬት በሚባለው፣ ቢያንስ 2 ዓመት በቆየው ቡርቦን ላይ ቀለም መጨመር ክልክል ነው። በርሜሉ በእሳት ሲለበለብ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ስኳር ይቃጠልና የካራሜል ጣዕም ይፈጥራል። ሊግኒን የሚባለው ክፍል ሲፈርስ ቫኒሊን ይወጣዋል፣ የቫኒላ ሽታው ከዚያ ነው። ኮኮናት የሚመስለው ጠረን ደግሞ ከኦኩ ቅባት የሚገኝ ነው። የከሰለው ንብርብር በበኩሉ ድኝ ድኝ የሚሸተውን ነገር ይዞ ያስቀራል። በእንጨቱ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ የሚገባው አየር ሲጨመርበት ደግሞ የፍራፍሬ ሽታ ይመጣል፣ ጉሮሮ የሚያቃጥለው ነገርም ይለዝባል። ይህ የመጨረሻው ጊዜ ይፈልጋል፤ በአቋራጭ አይገኝም። ስለዚህ መቆየት ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም።

ችግሩ ታኒን ነው። እሱም ከእንጨቱ ነው የሚወጣው። በልኩ ሲሆን ለመጠጡ አካል ይሰጠዋል፤ ሲበዛ ግን ቅጠሉ ውስጡ እንደተረሳ ሻይ ምላስን ያደርቃል፣ ይመራል። የካራሜሉንም የፍራፍሬውንም ጣዕም ይሸፍነዋል።

አብዛኛው ቡርቦን የሚሠራባት የአሜሪካ ግዛት የኬንታኪ አየር ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። በጋው በጣም ይሞቃል፣ ክረምቱ ይበርዳል። ሲሞቅ መጠጡ እየሰፋ ወደ እንጨቱ ይገባል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይወጣል፤ በየዓመቱ እንዲህ ነው። በርሜሎቹ የሚደረደሩባቸው መጋዘኖች ብዙ ፎቅ አላቸው፣ ላይኛው ፎቅ ደግሞ ከታችኛው በጣም ይሞቃል። ስለዚህ አንድ ቀን የተሞሉ፣ አንድ ዓይነት መጠጥ የያዙ ሁለት በርሜሎች፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች 10 ዓመት ከቆዩ በኋላ ጣዕማቸው አይገናኝም። ላይ ያለው በእንጨት ተውጦ ሊሆን ይችላል፣ ታች ያለው ገና ለጋ ነው። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ለሁለቱም 10 ነው! ታዲያ ቁጥሩ ብቻውን ምን ነገረን?

በዚያ ላይ ትነት አለ። "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። ኬንታኪ ውስጥ በአብዛኛው በዓመት ከ3 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። በርሜሉ 200 ሊትር ያህል ነው የሚይዘው፤ 20 ዓመት ሲሞላው ግማሽ ገደማው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጠፍቷል። ያረጀ ቡርቦን የሚወደድበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ዋጋው የሚነግራችሁ ምን ያህል እንደተረፈ ነው፣ ምን ያህል እንደሚጥም አይደለም። ፓፒ ቫን ዊንክል በሚባለው ውድ የ23 ዓመት ቡርቦን ላይ የሚወጣውን ገንዘብ ሳስብ ሁሌም ይህ ትዝ ይለኛል።

ሜከርስ ማርክ የሚባለውን የኬንታኪ ቡርቦን አምራች እዩት። ለረጅም ዘመን ያረጀ ቡርቦን አላወጣም ብሎ የኖረ ነው። በ2023 ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ሲያወጣ እንኳ በተለመደው መጋዘን ካቆየው በኋላ በርሜሎቹን በኖራ ድንጋይ ውስጥ ወደተሠራ ቀዝቃዛ ጓዳ አዛውሮ ነው። እንጨቱ እንዳያሸንፈው ሙቀቱን ቀነሰበት ማለት ነው። ይህን ሥራ አከብረዋለሁ።

የኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ አብዛኛው ቡርቦን የሚያምረው ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የ2 ዓመቱ ገና የእህል ሽታ አለው፣ ያቃጥላል። ከ15 በላይ ያለፈው ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ካልነበረና በርሜሉ በጥንቃቄ ካልተመረጠ በስተቀር ያስፈራኛል።

ጠርሙስ ለሚገዛ ሰው ጥቂት ነገር ልጨምር። የሚጻፈው ዕድሜ ውስጡ ካሉት ሁሉ የትንሹ ነው። ስትሬት የሚለው ቢያንስ 2 ዓመት የቆየ ነው፤ ከ4 ዓመት በታች ከሆነ ዕድሜውን መጻፍ ግዴታ ነው። ስትሬት ሆኖ ቁጥር ከሌለው እንግዲህ 4 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው፣ አትናቁት። "ቦትልድ ኢን ቦንድ" የሚለውን ካያችሁ ደግሞ በ1897 በወጣ ሕግ የሚገዛ ነው፦ ቢያንስ 4 ዓመት፣ አልኮሉ 50 በመቶ፣ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ የምርት ወቅት። እኔ ከትልቅ ቁጥር ይልቅ ይህን ጽሑፍ አምናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ቡርቦን ጠርሙስ ውስጥ አያረጅም። የ8 ዓመቱን ገዝታችሁ 20 ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጡት የ8 ዓመት ቡርቦን ነው የሚጠብቃችሁ። ከተከፈተ በኋላ እንዲያውም አየሩ ጣዕሙን ያደክመዋል፤ ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ከወረደ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡት፣ ወይም ወዳጅ ጠርታችሁ ጨርሱት።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ