ስለዚያ የሎስ አንጀለስ የሳቅ ቤት

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በመጨረሻው ደብዳቤህ «ያ የጥቁሮች ኮሜዲ ክለብ እንደዚያ ደምቆ ሳለ ምን ጣለው?» ብለህ ነበር። መልሱን ይህን ያህል ዓመት በማዘግየቴ ይቅር በለኝ።

ማይክል ዊሊያምስ ያን ክለብ፣ ኮሜዲ አክት ቲያትርን፣ በፈረንጆች 1985 የከፈተው፣ ያኔ በከተማው ሰንሴት ጎዳና የነበሩት ክለቦች ለጥቁር ኮሜዲያን እምብዛም መድረክ ስለማይሰጡ ነበር። ቀልድ እቤት ተቀምጦ አይበስልም። ሰው ፊት ደጋግሞ ካልቀረበ የቱ ቃል እንደሚቀነስ፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል አይታወቅም። ያ መድረክ በደቡብ ሎስ አንጀለስ ተገኘ።

የክለቡ ሞገስ ግን የመድረክ መሪው ሮቢን ሃሪስ ነበር። የመድረክ መሪ ሥራ ስም ጠርቶ መውረድ ይመስላል እንጂ የምሽቱ ሸክም ያለው እሱ ላይ ነው፤ ታዳሚውን አሙቆ ያስረክባል፣ አንዱ ሲወድቅበት የቀዘቀዘውን አዳራሽ ተረክቦ እንደገና ያነሣል። ሃሪስ ይህን የሚያደርገው በተረብ ነበር፤ አርፍዶ የገባ፣ ለሽንት የተነሣ፣ አለባበሱ ዓይን የገባ አይተርፍም። ሰው ሊተረብ ከፍሎ ይመጣ ነበር! መጋቢት 1990፣ የተወነበት «ሃውስ ፓርቲ» የተባለው ፊልም በወጣ በቀናት ውስጥ፣ በ36 ዓመቱ ቺካጎ ውስጥ አረፈ። እንዲህ ያለ ሰው አይተካም።

የቀረውን 1992 ጨረሰው። በሚያዝያ፣ ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር የደበደቡት ፖሊሶች በፍርድ ቤት ነፃ በመባላቸው ሰበብ ከተማው ሲነድ፣ ተሰጥኦ ፍለጋ ይመጡ የነበሩት የሆሊውድ ሰዎች ወደዚያ ሰፈር መውረድ ፈሩ። በዚያው ዓመት ኤችቢኦ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የጥቁር ኮሜዲያንን ትርኢት «ዴፍ ኮሜዲ ጃም»ን ጀመረ፤ በቴሌቪዥን የታየ ኮሜዲያን ደግሞ ዋጋው ይንራል። እስቲ ለምሳሌ አስላው፦ 200 ወንበር በ10 ዶላር 2,000 ነው። ዋናው ኮሜዲያን ብቻውን 3,000 ቢጠይቅ፣ በመጠጥ ሽያጭ ጉድለቱን መሙላት ይከብዳል፤ ወንበር ደግሞ አይጨመርም። በ1995 ኮሜዲያኑ ጋይ ቶሪ እዚያው ሰንሴት ላይ፣ ኮሜዲ ስቶር በተባለው ክለብ፣ ማክሰኞን ለጥቁር ኮሜዲያን ምሽት አደረገው። የፊልምና የቴሌቪዥን አዘጋጆች የሚቀመጡት እዚያ ስለነበር ኮሜዲያኑም ወደዚያው ሄዱ። በእነርሱ አልፈርድም፤ ዊሊያምስም ክለቡን የከፈተው የሰንሴት በር ተዘግቶባቸው ስለነበር ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ቴሌቪዥኑ በሩን የከፈተው ሃሪስ ካረፈ ከ2 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ አንተም ሳትዘገይ ጻፍልኝ።

ወንድምህ