ከነፋሱ በፊት ሁሉም ልጅ ውሃ እንዲገባ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ። ክረምቱ ደረሰ፣ ትምህርት ሲዘጋ ላንጋኖ ዳር ያለው ካምፓችን እንደተለመደው ከየሰፈሩ የሚመጡ ልጆችን መቀበል ይጀምራል፣ እኔም እንደ አምናው እጄን ዘርግቼ መጥቻለሁ። ዘንድሮ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ።

ካምፑን ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ ምንለው) አልፎ። ግራር ስር ድንኳን ተክለን ነው የምናድረው። የሰፈር ኳስ ቡድን ይመጣል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ይመጣል፣ የትምህርት ቤት ክበብ ይመጣል፣ አንዱ ግሩፕ ወደ 40 ልጅ ሆኖ አምስት ቀን ይቆያል፣ በጎ ፈቃደኞቹ እናበስላለን ልጆቹ ሽንኩርት ይልጣሉ ሳህን ያጥባሉ። አዲስ አበባ ዝናቡ አላስወጣ ሲል ስምጥ ሸለቆው ሞቅ ያለ ነው፣ ዝናቡም ቀለል ይላል፣ ውሃው ደግሞ ቢልሃርዚያ (ከውሃ የሚይዘው የትል በሽታ) የለበትም ስለሚባል ከድሮ ጀምሮ ሰው ለዋና የሚመርጠው ላንጋኖን ነው። ቡናማ የሆነው በደለሉ ነው፣ መጀመሪያ ያየ ልጅ ሁሉ ቆሻሻ ይመስለዋል።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ላንጋኖን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፣ ከሰአት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳል ማእበሉም ከፍ ይላል፣ ስለዚ እኛ ልጆቹን ውሃ ውስጥ ምናስገባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ተኩል ነው፣ ከዛ በኋላ አንድም ልጅ አይገባም። ላይፍ ጃኬት ያላደረገም አይገባም፣ ይሄ ህግ ለማንም አይላላም፣ ዋና እችላለሁ ላለውም ጭምር። እና አምና ከነበሩን 11 ጃኬቶች የሚሰሩት አምስቱ ብቻ ነበሩ፣ የሌሎቹ ማሰሪያ ተሰብሯል፣ የሁለቱ ፎም ተቦጫጭቆ ውሃ ይጠጣል። እስቲ አስቡት፣ 40 ልጅ ለአምስት ጃኬት፣ ስምንት ዙር ማለት እኮ ነው፣ አንዱን ዙር 20 ደቂቃ ብናደርገው እንኳን፣ ማልበሱና ማውለቁ ተጨምሮበት ሰአቱ ያልቃል፣ ሁሌም መጨረሻ ላይ ያሉት ይቀራሉ።

አምና ከመርካቶ አካባቢ የመጣች የ13 አመት ልጅ ነበረች፣ ሐይቅ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። እንደደረስን ቁጢጥ ብላ ውሃውን በመዳፏ ዘገነችና ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዛ "ሻይ በወተት ይመስላል" አለችኝ። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ከፊቷ ሁለት ልጅ ብቻ ሲቀር ነፋሱ ያለወትሮው ቀድሞ ተነሳ፣ ፊሽካ ነፋን፣ ሁሉም ወጣ። እሷ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። "ነገ እኔ አንደኛ ነኝ አይደል?" አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት አውቶቢስ ላይ ነበርን። ይሄ ነገር ክረምቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ደግሞ ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሰማውን ታውቃላችሁ፣ ድንጋይ ወጥቶበት ክፍቱን የተተወ ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፣ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ፣ ከዛ ያው ለቅሶ ነው። የተባበሩት መንግስታት በፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ በየአመቱ ጁላይ 25ን፣ በኛ ሐምሌ 18 መሆኑ ነው፣ የውሃ መስጠም መከላከያ ቀን ብሎታል፣ ልክ የኛ ልጆች እረፍት ላይ ባሉበት ሰአት። ካምፑ ውስጥ ከዋናው በፊት የምናስተምረው ይሄንኑ ነው፣ በጀርባ ተኝቶ መንሳፈፍ፣ አለመደንገጥ፣ ጓደኛህ ሲሰጥም ካየህ ዘለህ እንዳትገባ፣ ጩህ፣ ባዶ ጄሪካን ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ በገመድ አስረህ ወርውርለት። ቢጫው የዘይት ጄሪካን የትም ሰፈር አለ፣ ልጆቹ ይሄን ይዘው ነው ቤታቸው የሚመለሱት። በጀርባ መንሳፈፍን ግን ደረቅ መሬት ላይ ሆነህ አታስተምርም።

ሌላውማ እግዚአብሔር ይመስገን በእጃችን አለ። ወደ አብያታ ሻላ ፓርክ የምናደርገው የእግር ጉዞ ከስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ክፍያ በቀር ብዙ አይጠይቅም፣ ልጆቹ ሰጎን ያያሉ፣ ሚዳቋ ያያሉ፣ ከላይ ሆነው አብያታንና ሻላን አንድ ላይ ያያሉ፣ አብያታ የሸሸበትን ነጭ መሬት ሲረግጡ እዚ ጋ ድሮ ውሃ ነበር ስንላቸው ፊታቸውን ብታዩት። ማታ ማታ ደግሞ እሳት፣ እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ኮከብ።

እና የሚያስፈልገን 35 ላይፍ ጃኬት ነው፣ ከአምስቱ ጋ 40 ይሆናል፣ አንድ ግሩፕ ባንዴ ውሃ ይገባል ማለት ነው። ብር መስጠት ለሚቀላችሁ ብር፣ እቃ መስጠት ለሚቀላችሁ እቃ። በተለይ ከውጪ ለክረምት የምትመጡ እህት ወንድሞቼ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ሁለት ሁለት ብትይዙልን ትልቅ ነገር ነው። ስትገዙ የፎሙን አይነት ይሁን፣ በጋዝ የሚነፋው ፕሌን ላይ ጣጣ አለው፣ ደግሞ አንዴ ከተነፋ መልሶ መሙያው እዚ አይገኝም። ሌብሉ ላይ ለስንት ኪሎ እንደሆነ ይጻፋል፣ የኛ ልጆች አብዛኞቹ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ናቸው። ያገለገለም እንቀበላለን፣ ግን እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት ማሰሪያውን ቆልፋችሁ ሳቡት፣ ፎሙን ጨመቅ አድርጉት፣ የተቀደደ ከሆነ አትላኩት፣ ልጅ አምኖት ነው የሚለብሰው።

ገንዘቡን የሚይዙት ሶስት የኮሚቴ አባላት ናቸው፣ ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም፣ የገባውንም የተገዛውንም ከነደረሰኙ እዚሁ እለጥፋለሁ። ከተረፈ ዚፑ የተበላሸውን ድንኳን እናሰራበታለን። መስጠት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አካውንቱንም እቃ መቀበያውንም እነግራችኋለሁ፣ መስጠት የማትችሉ ለሚችል ሰው አድርሱልን፣ ዋና የምትችሉና አንድ ሳምንት ያላችሁም ኑ፣ ውሃው ዳር የሚቆም ሰው ሁሌም ያንሰናል።

የመጀመሪያው ግሩፕ ሐምሌ 12 ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል። ያቺ ልጅም ዘንድሮ ተመዝግባለች።